ጥያቄ አለኝ፦ የተሰበረ ፊደል፣ የሞደም ጩኸትና የማይሞላ ፍላሽ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተናል።

ከሞጣ

«ጤና ይስጥልኝ። የአባታችን የቅኔና የዝማሬ ስብስብ በ1990ዎቹ በኮምፒውተር ተጽፎ በሲዲ ተቀምጧል። አሁን ሲከፈት አንደኛው ፋይል ሣጥን ሣጥን ብቻ ነው፤ ሌላው ደግሞ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ‹ተበላሽቷል፣ እንደገና ታይፕ ይደረግ› አለን። 214 ገጽ ነው። እውነት ጠፍቷል?»

ያለ ይመስላል። ከሁሉ በፊት ግን ሲዲውን እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡና የሚሠሩትን ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሥሩ። ይህን ያህል የቆየ ሲዲ ዛሬ ቢነበብ ነገ ለመነበቡ ዋስትና የለም።

የተሰበረ ፊደል አራት መልክ አለው፤ መልኩን አይቶ ምን እንደነካው ማወቅ ይቻላል። ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚሥልበት ፎንት አጥቶ ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባሉትን ነጻ ፎንቶች ጭነው ፋይሉን መልሰው ይክፈቱት። የመጀመሪያው ፋይልዎ ችግር እዚያው ላይ ያልቃል።

በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ አንድ የጥያቄ ምልክት ከተተካ ግን ይሄኛው ነው የሚያሳዝነው። ፋይሉን ያስቀመጠው ፕሮግራም የግዕዝን ፊደል መያዝ ስላልቻለ ጥሎት፣ በቦታው የጥያቄ ምልክት ተክሏል። የተጣለውን የሚመልስ ሶፍትዌር የለም፤ ላኪው ዋናውን እንደገና እንዲልክ መለመን ብቻ ነው።

ሦስተኛው መልክ በኢሜልና በዝርዝር ፋይሎች ላይ የሚያጋጥመው ነው። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ሦስት እንግዳ ምልክት ይዘረዘራል፣ ከሦስቱ የመጀመሪያዋ ሁልጊዜ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አቀማመጥ ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ፣ የሁሉም መጀመሪያ ባይት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። የሚያነበው ፕሮግራም ‹ይህ ላቲን ነው› ብሎ ሲገምት ያቺን ባይት በጭረታሟ ኤ ይሥላታል። ‹ሰላም› 3 ፊደል ሳለ እስከ 9 ምልክት የሚሆነው በዚህ ነው። ይሄ ይመለሳል። ፋይሉን በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ይክፈቱ፣ ኤንኮዲንግ ከሚለው ዝርዝር ላይኛው ክፍል ‹ዩቲኤፍ-8›ን ይምረጡ። እዚያው ታች ‹ኮንቨርት ቱ ዩቲኤፍ-8› የሚል አለ፤ እሱን እንዳይነኩት። የላይኛው ‹እንደዚህ አድርገህ አንብበው› ማለት ነው፤ የታችኛው ግን የተሳሳተውን ምልክት እውነት አድርጎ እንደገና ይጽፈዋል፣ ስብራቱም ይደረባል። በስሕተት ከነኩት ሳያስቀምጡ ይዝጉት። ፋይሉ ሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ የሠንጠረዥ ጽሑፍ) ከሆነና በኤክሴል ከተሰበረ ደግሞ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጎ መክፈት ይቅር፤ ዳታ ከሚለው ገጽ ‹ፍሮም ቴክስት ሲኤስቪ› ብለው አስገብተው ፋይል ኦሪጂን በሚለው ላይ 65001ን፣ የዩቲኤፍ-8ን ቁጥር፣ ይምረጡ።

ሁለተኛው ፋይልዎ አራተኛው መልክ ነው። ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ3.0 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ345 ምልክት ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አገር ደግሞ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የሚጻፈው በብልሃት ነበር። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ኮድ ቦታ ላይ ‹ለ›ን ወይም ‹መ›ን ይሥላል። በአንድ ፎንት ያለው ቦታ 200 ገደማ ስለሆነ ፊደላችን አልበቃ አለው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ከፈሉት፣ ሌሎቹ ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው ገጣጠሙት። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር የሚያሳየው ከሥር ያለውን ላቲን ነው።

ፋይሉን በወርድ ከፍተው ጠቋሚውን ዝብርቅርቁ መሃል ያስቀምጡ፤ ላይ በፎንት ሣጥኑ ውስጥ የሚታየውን ስም ይጻፉት። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ ይታያል። የጎደሉት ሁሉ በዝርዝር እንዲታዩዎት ከፈለጉ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ገብተው ‹ፎንት ሰብስቲቲዩሽን› የሚለውን ይጫኑ። ስሙን ከያዙ በኋላ ፎንቱን ለማግኘት ከኢንተርኔት ይልቅ ከተማው ውስጥ የቆየ የጽሕፈት ሥራ ቤት ይቀናል። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ‹ፎንትስ› በሚለው ፎልደር ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደተቀመጠ ነው። በቀኝ ጠቅ አድርገው ‹ኢንስቶል› ይበሉ፤ ጽሑፉ እንደ ጥንቱ ይነበባል።

በተነበበ ቅጽበት ፒዲኤፍ ያውጡ። ፒዲኤፉ ፎንቱን ውስጡ ስለሚይዝ ከዚያ ወዲያ የትም ኮምፒውተር ላይ በመልኩ ይታያል፤ ቃል መፈለግ ግን አይቻልበትም። ሁሉንም ምረጥ ብሎ ፎንቱን ወደ አዲስ ፎንት መቀየር አይደረግም። የትኛው ቃል አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደነበር የሚናገረው የፎንቱ ስም ብቻ ነው፤ እሱ ከተቀየረ ሁሉም ላቲን ሆኖ ይቀራል። ጽሑፉን ወደ ኖትፓድ መገልበጥም ያው ነው።

ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ሶፍትዌር ሲጠቀሙ በአንድ ገጽ ይሞክሩና ከፒዲኤፉ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ ዐና አ፤ ጸና ፀ፤ ቋ፣ ኳና ጓ፤ የግዕዝ አኃዝም ይታይ። ለዜና ቢቀያየሩ አንባቢው ያልፈዋል። በግዕዝ ግን ‹ሠረቀ› ፀሐይ ወጣች ነው፣ ‹ሰረቀ› ደግሞ ሌባው ወሰደ ነው፤ የቅኔው ወርቅ የተቀበረው እዚያች ፊደል ላይ ከሆነ የኔታ አያልፉትም። የዝማሬ ምልክቶቹን በተመለከተ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ4.1 እትም ነው። የሚቆሙት ከፊደሉ ጎን እንጂ አናቱ ላይ ስላልሆነ የዜማውን ገጽ በእጅ ማስተካከል ይኖርብዎታል።

ከደብረ ማርቆስ

«መምህር ነኝ። ከራሴ የኢሜል አድራሻ ለራሴ ደብዳቤ መጣ። የድሮ ፓስወርዴን በትክክል ጽፎ ‹በካሜራህ ቀርጬሃለሁ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢትኮይን ካልከፈልክ ለምታውቃቸው ሁሉ እልከዋለሁ› ይላል። ፓስወርዴን ካወቀ ሌላውስ እውነት አይሆንም?»

አይክፈሉ፣ መልስም አይስጡት። ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ያው ቃል፣ ፓስወርዱ ብቻ እየተቀየረ፣ በጅምላ የሚላክ ነው።

ፓስወርዱ ከካሜራዎ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን የተዘረፈው ዝርዝር በ2016 ከ100 ሚሊዮን በላይ አድራሻና ፓስወርድ ይዞ ለገበያ ወጣ። ያሁም በ2013 የደረሰበት ዝርፊያ 3 ቢሊዮን አካውንቶቹን በሙሉ እንደነካ በኋላ አምኗል። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ቆይተው የማስፈራሪያ ጽሑፍ ይለጠፍባቸዋል። አድራሻዎ በየትኛው ዝርፊያ እንደወጣ ‹ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ› በሚባለው ገጽ ማየት ይችላሉ፤ ገጹ ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው፣ ፓስወርድም አይጠይቅዎትም።

‹ከራሴ አድራሻ መጣ› የሚለውም አያስደንግጥዎት። ኢሜል የሚጓዝበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ የላኪን ማንነት የሚያረጋግጥ ነገር አልነበረበትም። ፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን የላኪ ስም እንደመጻፍ ነው። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት ማረጋገጫዎች የተጨመሩት በኋላ ነው፤ እነሱን ማንበብ ደግሞ ቀላል ነው። ጂሜይልን በኮምፒውተር ብራውዘር ይክፈቱ፣ የስልኩ መተግበሪያ ይህን አያሳይም። ከደብዳቤው በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው ‹ሾው ኦሪጂናል› ይበሉ። ላይ በሠንጠረዡ ከሦስቱ ስሞች አጠገብ ‹ፓስ› ወይም ‹ፌይል› የሚል አለ። ከራስዎ አድራሻ መጣ የተባለ ደብዳቤ ‹ፌይል› ካለ ፖስታው ጀርባ ላይ የተጻፈው ስም ውሸት ነው። ‹ሪሲቭድ› የሚሉት መስመሮች ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይነበባሉ። ከሁሉ ላይ ያለውን የጻፈው የራስዎ ኢሜል አገልግሎት ስለሆነ ይታመናል፤ የታችኞቹን አጭበርባሪው ራሱ ሊጽፋቸው ይችላል።

የሚቀረው እውነተኛው ሥጋት ያንን የድሮ ፓስወርድ ዛሬም የሚጠቀሙበት ቦታ መኖሩ ነው። እዚያ ሁሉ ይቀይሩ። ከዚያ በጂሜይል ሴቲንግስ ውስጥ ‹ፎርዋርዲንግ›ንና ‹ፊልተርስ›ን ከፍተው የማያውቁት አድራሻ ወይም ትእዛዝ መኖሩን ይዩ። የእውነት የገባ ሰው ፓስወርድ ቢቀየርበትም ደብዳቤ እንዲደርሰው እዚያ ነው የሚደበቀው።

ከዳንግላ

«ድሮ ኢንተርኔት ሲገናኝ ሞደሙ ያሰማው የነበረው ጩኸት ምን ነበር? ልጆቼ ሲሰሙት ‹ተበላሽቶ ነው?› ይላሉ።»

ሁለት ሞደሞች ሲነጋገሩ ነው። መጀመሪያ ቁጥር መደወሉ ይሰማል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለው አንስቶ 2100 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ ይለቃል። ያ ድምፅ የስልክ መስመሩ ማሚቶ ማጥፊያ እንዲያርፍ የሚያዝ ነው፣ ካላረፈ ሁለቱ ባንድ ጊዜ መነጋገር አይችሉም። ቀጥሎ የሚመጣው መንጫጫት የመስመሩን ጥራት ይመዝኑበታል፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት በዚያ ነው። ሲስማሙ ድምፅ ማጉያውን ያጠፋሉ፣ ወሬው ግን አልቆመም።

ትልቁ ፍጥነት 56 ኪሎ ቢት በሴኮንድ ነበር፤ ቢበዛ 7 ኪሎ ባይት ማለት ነው። በተግባር 5 ቢደርስ 4 ሜጋ የሆነ አንድ ዘፈን ለማውረድ 13 ደቂቃ ከግማሽ ይፈጃል፣ ያውም እቤት ያለ ሰው ስልኩን ካላነሳው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አያምኑ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ስለሆነ ጩኸቱ ከእነሱ ብዙም አይበልጥም።

ከቡሬ

«ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ምንም ገጽ አይከፍቱም፣ ‹ግንኙነቱ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም› ይላሉ። በዚያው ዋይፋይ ስልክ ይሠራል። ፎርማት ላድርጋቸው?»

ፎርማቱ ይቆይ፤ በስተቀኝ ታች ያለውን ቀን ይመልከቱ። ዓመቱ የድሮ ከሆነ ሕመሙ ተገኝቷል። እያንዳንዱ ድረ-ገጽ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ውስጥ ከሆነ የዛሬው ወረቀት ገና ያልተጻፈ ይመስለዋል።

ሰዓቱን የሚያቆየው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ባትሪ ናት፦ ሲአር 2032፣ 3 ቮልት። የምትሠራው ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለይ ነው። ስለዚህ መብራት በብዛት በሚጠፋበት፣ ወይም ማታ ማታ ሶኬቱ በሚነቀልበት ቤት ቶሎ ታልቃለች። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሴኮንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያውጡ፣ የባትሪዋን መያዣ ገፋ አድርገው አሮጌዋን ያንሱ። አዲሷ የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ ወደ ላይ ሆኖ ትገባለች። ሲያበሩ ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብተው ቀኑን ያስተካክሉ። ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባ የሚል የሰዓት ክልል ቢያጡ አይግረምዎት፤ ናይሮቢ የሚለው የእኛው ነው።

ደንበኞችዎ የሚያመጡት ሌላ ችግርም ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። ስልካቸው ላይ ጠዋቱን 3 ሰዓት እንዲል ሰዓቱን በ6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚያስተካክሉ ብዙ ናቸው። ከፓስወርድ በተጨማሪ የሚጠየቀው፣ ኦተንቲኬተር የሚባለው መተግበሪያ የሚያወጣው ባለ 6 አኃዝ ኮድ በየ30 ሴኮንዱ የሚሠራው ከስልኩ ሰዓት ተነሥቶ ነው፤ 6 ሰዓት ቀርቶ ጥቂት ደቂቃ ቢዛነፍ ኮዱ አይያዝም። ሰዓቱን ‹አውቶማቲክ› ላይ መልሰው፣ ለኢትዮጵያ አቆጣጠር ለብቻው የሚታይ የሰዓት መተግበሪያ ይጫኑላቸው።

ከፍኖተ ሰላም

«ወንድሜ የዲቪ ሎተሪ ደርሶሃል የሚል ኢሜል ደረሰው፤ የአሜሪካ ንስር ማኅተም አለበት። ‹ፋይልህን ለማስከፈት› 800 ዶላር በሐዋላ ላክ ይላል። ዲቪ መሙላቱ እውነት ነው፣ የሞላለት ኢንተርኔት ቤት ነው። እንዴት እንለይ?»

ውሸት ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ‹ደርሶሃል› ብሎ ኢሜል አይልክም። መድረሱ የሚታወቀው ዕጩው ራሱ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ገብቶ በማረጋገጫ ቁጥሩ ሲያይ ብቻ ነው። ገንዘብ በሐዋላ የሚጠይቅ ደብዳቤም ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

የሊንክ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከመጀመሪያዋ ነጠላ እዝባር (/) በፊት ባሉት የመጨረሻ ሁለት ቃላት ነው። ‹ስቴት ዶት ጎቭ› ብሎ የሚያልቅ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ‹ስቴት ጎቭ› መሃል ላይ ኖሮ መጨረሻው ‹ዶት ኮም› ከሆነ የሌላ ሰው ቤት ነው፣ የፊቱ ቃል ጌጥ ነው።

አሁን የሚያሳስበው ግን ኢንተርኔት ቤቱ ነው። የማረጋገጫ ቁጥሩ ያለው በወንድምዎ እጅ ነው ወይስ በሞላለት ሰው? ቁጥሩ ከጠፋ ገጹ ላይ ‹ፎርጎት ኮንፈርሜሽን ነምበር› በሚለው በኩል በስም፣ በልደት ቀንና ሲሞላ በተሰጠው ኢሜል ማውጣት ይቻላል። ሞይው የራሱን ኢሜል አስገብቶ ከሆነ ግን በሩ በእሱ እጅ ነው፤ በብዙ ቦታ ‹ደርሶሃል፣ ቁጥሩን እንድሰጥህ ክፈል› የሚባለው ከዚህ ነው። ሲሞላ የራስን ኢሜል መስጠት፣ የመጨረሻውን ገጽ ሳያሳትሙ ከወንበር አለመነሳት። ፎቶው ካሬ፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክሰል፣ ከ240 ኪሎ ባይት ያልበለጠ ይሁን። ‹ዕድል ይጨምራል› ብሎ ሁለቴ የሚሞላ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ያሰርዛል።

የሚገርመው ነገር ዲቪና አይፈለጌ መልእክት አብረው ያደጉ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው የማስታወቂያ ኢሜል እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1978 ለ400 ገደማ ሰዎች የተላከ የኮምፒውተር ሽያጭ ማስታወቂያ ነበር። ዓለምን ያስቆጣው ግን በሚያዝያ 1994 ሁለት የአሪዞና ጠበቆች በዩዝኔት የውይይት ሰሌዳዎች ላይ በሺዎች ቦታ የለጠፉት ነው፤ ማስታወቂያው ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ ነበር።

ከባሕር ዳር

«በ1990ዎቹ መጨረሻ ጂኦሲቲስ ላይ የጢስ ዓባይ ፎቶዎች ያሉበት ገጽ ነበረኝ። የያሁ ኢሜሌም ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሁለቱን ማግኘት ይቻላል?»

ገጹ ተስፋ አለው። ለማንም ነጻ ገጽ ይሰጥ የነበረው ጂኦሲቲስ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 26 ቀን 2009 ነው፤ የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ግን ከ1996 ጀምሮ ገጾችን ሲገለብጥ ኖሯል። ሙሉውን አድራሻ ያስፈልግዎታል። የድሮዎቹ የጂኦሲቲስ አድራሻዎች እንደ ቀበሌና የቤት ቁጥር ነበሩ፦ መጀመሪያ ሰፈሩ፣ ሲሊከን ቫሊ ወይም አቴንስ እንደሚባለው፣ ከዚያ ቁጥሩ። ካላስታወሱት ያኔ ለጓደኛ በላኩት ደብዳቤ ግርጌ ይፈልጉት። ገጹ ተገኝቶ ፎቶዎቹ ባዶ ከሆኑ በላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ሌላ ቀን ይምረጡ፤ ጽሑፉና ፎቶው የተገለበጡት በተለያየ ቀን ሊሆን ይችላል።

ያሁ 12 ወር ያልተከፈተ ሣጥን ያጸዳል፣ ከጸዳ አይመለስም። የሚቀረው ያኔ በኮምፒውተርዎ ወርዶ ከሆነ ነው። ኤቭሪቲንግ የሚባለውን መፈለጊያ አሮጌው ዲስክ ላይ ያስኪዱና ስማቸው በፒኤስቲ ወይም በዲቢኤክስ የሚያልቅ ፋይሎችን ይፈልጉ፤ የመጀመሪያው የአውትሉክ፣ ሁለተኛው የአውትሉክ ኤክስፕረስ ሣጥን ነው። ጂሜይል ካለዎት ደግሞ እሱም ለ2 ዓመት ካልተከፈተ ሊሰረዝ ይችላል። በዓመት አንዴ በጉግል ቴክአውት ያውርዱት፣ ተንደርበርድ ይከፍተዋል።

ከአዴት

«ኢሜል ግርጌ ያለውን ‹አንሰብስክራይብ› (ከዝርዝር አስወጡኝ) የሚለውን መጫን ይሻላል ወይስ አይሻልም? አንዱ ጫን ይላል፣ ሌላው አትንካ ይላል።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ራስዎ ከተመዘገቡበት ከሆነ ይጫኑ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ደብዳቤ ወደ ጂሜይል የሚልክ ነጋዴ በአንድ ጠቅታ መውጫ ማድረግና በ2 ቀን ውስጥ መፈጸም ግዴታው ነው። ሲጫኑ ከላኪው ስም አጠገብ ጂሜይል ራሱ ያስቀመጠውን ይምረጡ። ከማያውቁት ሰው የመጣ ከሆነ ግን ደብዳቤው ውስጥ ያለውን መጫን ‹ይህ አድራሻ ሰው አለበት› ብሎ መመስከር ነው፤ ‹ስፓም› ብለው ይለፉት። ፎቶም ሳይጠይቅ እንዳይከፈት ሴቲንግስ ላይ ይከልክሉ፣ አንዳንዱ ፎቶ አንድ ነጥብ የሚያህል ሆኖ መከፈቱን ለላኪው የሚያወራ ነው።

ከቢቸና

«ፍላሼ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ሲወጣ ፋይሎቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ፎርማት ሳላደርግ ይወጣሉ?»

ይወጣሉ። ቫይረሱ ፋይሎቹን አልነካም፤ ደብቋቸው በስማቸው ሾርትከት አስቀምጧል። ሾርትከቱን አይክፈቱ፣ መክፈት ቫይረሱን ማስነሣት ነው።

ሰባት-ዚፕን ይጫኑ፤ ሰው የሚያውቀው ለመጭመቂያ ነው፣ እኛ የምንወድለት ግን የተደበቀ ፋይል ሳይጠይቁት የሚያሳይ ፋይል ማኔጀሩን ነው። እሱን ከፍተው ወደ ፍላሹ ይግቡ። ፋይሎቹ እዚያው ካልታዩ ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ይኖራል፤ ስሙ ባዶ ቦታ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ዓይን ይስታል። ይግቡበት፣ ሰነድና ፎቶውን ብቻ ወደ ዴስክቶፕ ይገልብጡ፤ በኤልኤንኬ፣ በቪቢኤስና በኢኤክስኢ የሚያልቀውን ይተውት። ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። መኪና ወይም ቴፕ ላይ የሚሰኩት ከሆነ ፋት 32 ይሁን፣ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል ግን አይቀበልም፤ ለዚያ ኤክስፋት ይሻላል።

ኮምፒውተርዎ ላይ ሰክተውት ከነበረ አውቶራንስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት መሣሪያ ይክፈቱ፤ ‹ሎግኦን› በሚለው ገጽ ደብሊውስክሪፕት የሚጠራ መስመር ካለ ምልክቱን ያንሱ። አይሰርዙት፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አብርተው ሁሉ ደህና ከሆነ ያኔ ይሰርዙት። ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ ደግሞ ፋይሉን በቴሌግራም ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ፣ አለዚያ ጎኑ ላይ መቆለፊያ ያላት ኤስዲ ካርድ በማንበቢያ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ከእንጅባራ

«ገበያ ላይ 2 ቴራ ፍላሽ በርካሽ ገዛሁ። ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ይላል። ፊልም ስጭንበት ግማሹ አይከፈትም። ለምን?»

2 ቴራ አይደለም፤ ቺፑ ትንሽ ነው፣ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር ዋሽቶ እንዲናገር ተደርጓል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱን ፋይል የትም ይጥለዋል ወይም አሮጌው ላይ ይጽፈዋል። ስሙ ይታያል፣ መጠኑ ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነጻ መሣሪያ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ስንቱ እውነት እንደሆነ በጊጋ ይነግርዎታል። ባዶ ፍላሽ ላይ ነው የሚሠራው፣ ትዕግሥትም ይፈልጋል። በሴኮንድ 10 ሜጋ በሚጽፍ ፍላሽ 64 ጊጋ ለመሙላት ብቻ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሱቁ በር ላይ ለመፈተሽ ከሆነ ቫሊድራይቭ ይሻላል፦ ፍላሹን በ576 ቦታ እየነካካ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል፣ እውነተኛውን በአረንጓዴ፣ የሌለውን በቀይ ይሥላል። ላፕቶፕ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩም ሳይከፈለው በፊት ይፈተሽ እንደሆነ ይጠይቁት።